ስትሪትኮምፕሊት፦ ሰፈሬን በጥያቄ ያስተዋወቀኝ አፕ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይቺን ወሬ በቃላችሁ ታውቋታላችሁ። ሹፌሩ ይደውላል። «ሄሎ፣ ምን ጋ ነሽ?» የብሎክ ቁጥር ትነግሩታላችሁ። «እሱን ተይውና ምን አጠገብ ነው?» ከዚያ ፋርማሲው፣ ሱቁ፣ የፀጉር ቤቱ ሮዝ በር፣ ጥግ ላይ የቆመው ገልባጭ መኪና፣ የማይጠራ ነገር የለም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት እናቴን ትንፋሽ አጠራት። መኪና ጠራሁ። ካርታው ላይ የእኛ ብሎክ ከትክክለኛ ቦታው ርቆ፣ ግቢው ማዶ ነበር የተቀመጠው። ሹፌሩ ያየውን ተከትሎ ሄደ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። 25 ደቂቃ ዞረ። በመጨረሻ እኔ በዝናብ እስከ ዋናው አስፋልት ሮጬ አግኝቼው ይዤው መጣሁ። እናቴ አሁን ደህና ነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺ 25 ደቂቃ ግን ከውስጤ አልወጣችም። ካርታ የሚያስተካክለው ማን ነው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም ሰው ወደሚያውቀው ወደ ጎግል ማፕ ነው። ሎካል ጋይድስ የሚባል ነገር አላቸው፣ ካርታው ላይ መረጃ ለሚጨምር ሰው ነጥብ የሚሰጥ። ስለ አንድ ቦታ አስተያየት ስትጽፉ 10 ነጥብ፣ ለአንድ ፎቶ 5፣ የሌለ ቦታ ስትጨምሩ 15 ታገኛላችሁ። 250 ስትሞሉ ደረጃ 4 ትገቡና ስማችሁ አጠገብ ምልክት ይወጣል። የመጨረሻው ደረጃ 10 ነው፣ 100,000 ነጥብ ይፈልጋል።

ሁለት ወር ሠራሁበት። ጥሩ ጎን አለው፣ ካፌና ክሊኒክ ለሚፈልግ ሰው ከእሱ የሚሻል የለም። ግን ነጥቡ እግሬን ወዴት እንደሚወስደው ቆይቼ አስተዋልኩ። አስተያየትና ፎቶ ብዙ የሚያስቆጥረው ሱቅና ካፌ ባለበት ነው። ስለዚህ ቦሌ ሄጄ የማኪያቶ ፎቶ ስጭን ነጥቤ ያድጋል፣ የእኛ ብሎክ ግን እዚያው ግቢ ማዶ ቆሞ ቀረ። በዚያ ላይ የምትጨምሩት መረጃ የሚቀመጠው ኩባንያው ዘንድ ነው። ሌላ ሰው ያንን ዳታ አውርዶ የራሱን አፕ ልሥራበት ቢል አይፈቀድለትም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስትሪትኮምፕሊትን ያሳየኝ በዚህ መሀል ነው። ስድስት ወር ሆነኝ፣ አሁን ደፍሬ ልጽፍበት እችላለሁ።

አፑን ለመረዳት ከጀርባው ያለውን ማወቅ ያስፈልጋል። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል ካርታ አለ። እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። እንደ ዊኪፔዲያ ማንም ሰው ገብቶ ያርመዋል፣ ማንም ደግሞ ምንጩን ጠቅሶ በነፃ ይጠቀምበታል። ኢንተርኔት ሲጠፋ የምትከፍቱት ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ ካርታው ከዚያ ነው የሚመጣው። ፌስቡክም ከእሱ ይወስዳል። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ በየአገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ፎቶ እያዩ ዋና ከተማዋን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሠርተዋታል፣ የእርዳታ ሠራተኞችም በዚያ ካርታ ነው የተንቀሳቀሱት።

ችግሩ ይህን ካርታ በቀጥታ ማረም ለጀማሪ ይከብዳል። የራሱ ኮድ አለው፣ የራሱ ደንብ አለው፣ አንድ መስመር አበላሻለሁ የሚል ፍርሃትም አለ። ጀርመናዊው ፕሮግራመር ቶቢያስ ዝዊክ በ2017 ያወጣው ስትሪትኮምፕሊት ይህንን ነው የፈታው። ምንም ኮድ አያሳያችሁም። ይጠይቃችኋል፣ ትመልሳላችሁ። መልሳችሁን እሱ ራሱ ወደ ኮድ ቀይሮ ይልከዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አፑን ስትከፍቱ በቆማችሁበት ዙሪያ ፒኖች ይረግፋሉ። እያንዳንዱ ፒን አንድ ጥያቄ ነው። ይህ መንገድ የተነጠፈው በምንድን ነው? ይህ ሕንፃ ስንት ፎቅ ነው? መንገዱ ማታ መብራት አለው? ይህ ሱቅ መቼ ይከፈታል? ሄዳችሁ፣ ቆማችሁ፣ አይታችሁ ትመልሳላችሁ። ለአንድ መልስ አንድ ኮከብ። ከርቀት ሆናችሁ ከመለሳችሁ ደግሞ በቦታው ተገኝታችሁ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል። በጣም የወደድኩት ይህንን ነው። ቤት ተኝቶ ኮከብ የሚለቅም ሰው እንዳይኖር ከመጀመሪያው አስበውበታል።

የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳውም። እሁድ ጠዋት ነበር፣ ከቅዳሴ ስመለስ። ከቤቴ እስከ ታክሲ ተራው ስምንት ደቂቃ የሚወስደኝ መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ለዓመታት የሄድኩበት መንገድ ነው፣ ግን ኮብልስቶኑ የት ጋ አልቆ አፈሩ የት ጋ እንደሚጀምር ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ለካ ከዳቦ ቤቱ በኋላ ነው። አፑ አማራጮቹን በፎቶ ያቀርባል፣ ስለዚህ እንግሊዝኛው ባይገባችሁም ችግር የለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድንጋይ የሚያሳዩ ከአንድ በላይ ፎቶዎች አሉ። የእኛ ኮብልስቶን በመዶሻ ተጠርቦ፣ ፊቱ ተስተካክሎ የተነጠፈ ስለሆነ የተጠረበውን ድንጋይ የሚያሳየውን ነው መምረጥ ያለባችሁ። ያልተጠረበ ክብ ድንጋይ የሚያሳየው ሌላ ነው፣ ኮብልስቶን የሚለው ስም አሳስቷችሁ እሱን እንዳትነኩት።

እንዲህ ያሉ የእኛ አገር ጉዳዮች ሌሎችም አሉ። አንዱ ፎቅ ነው። እኛ ጂ+4 ስንል ምድሩን ለይተን ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ምድሩንም አንድ ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ ጂ+4 ኮንዶሚኒየም ላይ የሚሞላው 5 ነው። ጀሞ ውስጥ አብዛኛው ብሎክ ጂ+4 ስለሆነ ይቺን ያልገባው ሰው ሰፈሩን በሙሉ በአንድ ፎቅ ያሳጥረዋል።

ከሁሉም የባሰው ሰዓት ነው። የሱቁ ባለቤት «ከ2 እስከ 2» ይላችኋል። እሱ ያለው ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ነው። አፑ ላይ መግባት ያለበት ከ8:00 እስከ 20:00 ነው። እኔ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚከፈት ተደርጎ የተመዘገበ የስፌት ቤት አግኝቼ አርሜአለሁ። አንድ ሰው በቅን ልብ የሰማውን እንዳለ ጽፎት ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ወይም ኦፍላይን ካርታ ብቻ የያዘ ሰው ግን የተዘጋ በር ጋ ሄዶ ይቆማል። ስለዚህ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ጨምሩ ወይም ቀንሱ፣ ከዚያ ደግማችሁ እዩት።

የመብራቱ ጥያቄ ደግሞ ማታ ሄዶ ማየት ይፈልጋል። ቀን ምሰሶው ቆሞ ይታያል፣ አለ ብሎ መመለስ ያምራል። እኛ ግቢ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አራት ምሰሶ አለ፣ ሦስት ምሽት ተመላልሼ አንዱም ሲበራ አላየሁም። የለውም ብዬ መለስኩ። ሴት ልጅ ማታ ስትሄድ የሚጠቅማት ምሰሶው አይደለም።

የዊልቸር ጥያቄም አለ። ይህ ቦታ በዊልቸር ይገባበታል ወይ ይላል። እናቴ ዊልቸር አትጠቀምም፣ ጉልበቷ ግን ደረጃ አይወጣም። ከዚህ በፊት እሷን ይዤ ስወጣ ነበር የማስበው፣ አሁን ብቻዬን ስሄድም የእያንዳንዱን ፋርማሲ ደፍ አያለሁ። ሰፈራችን ካሉት ፋርማሲዎች ያለ ደረጃ የሚገባበት አንድ ብቻ ነው፣ መድኃኒቷንም አሁን ከእሱ ነው የምንገዛው።

ስለ ኮከቦቹ ላውራ። የራሳችሁ ገጽ ላይ ስንት ኮከብ እንዳላችሁና በአገር ደረጃ ስንተኛ እንደሆናችሁ ያሳያል። ስለ እግረኛ ብዙ ከመለሳችሁ የእግረኛ ሽልማት፣ ስለ ሕንፃ ከመለሳችሁ የሕንፃ ሽልማት ትከፍታላችሁ። ሽልማቱ ገንዘብ አይደለም። በኦፕንስትሪትማፕ ዳታ የተሠሩ ድረ ገጾችን ሊንክ ነው የሚሰጣችሁ። ለምሳሌ ዊልማፕ የሚባለውን፣ በዊልቸር የሚገባባቸውን ቦታዎች የሚያሳየውን። ይህ ገራሚ ሐሳብ ነው። የፋርማሲውን ደፍ አይታችሁ የመለሳችሁት መልስ የት እንደሚደርስ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ጨዋታ ከካርታ ጋር ሲገናኝ ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። ፖኬሞን ጎ የሚባለው የስልክ ጨዋታ በ2017 መጨረሻ ካርታውን ከኦፕንስትሪትማፕ መውሰድ ሲጀምር አንዳንድ ተጫዋቾች ቤታቸው አጠገብ የሌለ መናፈሻ ይሥሉ ጀመር፣ ብዙ ፖኬሞን እዚያ እንዲወጣላቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ያንን ሲያጠፉ ከርመዋል። በስትሪትኮምፕሊት ግን ብትዋሹ የምታገኙት አንድ ኮከብ ነው፣ እውነቱን ብትናገሩም ያው አንድ ኮከብ ነው። «መመለስ አልችልም» የሚል አማራጭም አለ፣ አፍሮ መገመት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጎዳናው ልመለስ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ ይዞ ሕንፃ ሽቅብ እያዩ መቆም ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ለቡ አካባቢ አንድ ግቢ በር ላይ ቆሜ ፎቅ ስቆጥር ጥበቃው ወጡ።

«ልጄ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጋሼ፣ ካርታ እየሞላሁ ነው። ሕንፃው ስንት ፎቅ እንደሆነ እየቆጠርኩ ነው።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሊፈርስ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እንዲህ ብለው የጠየቁኝ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከዚያ ወዲህ እኔው ቀድሜ ነው የምናገረው። ሰላምታ እሰጣለሁ፣ የመንግሥት ሰው አይደለሁም እላለሁ፣ ስልኬን አሳያለሁ። ብዙዎቹ ካዩት በኋላ ይረዱኛል። «ያኛው ጋ ደግሞ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል፣ እሱንም አስገቢው» ይሉኛል። ምክሬ፦ ወታደራዊ ቦታና የመንግሥት ጥብቅ ግቢ አጠገብ አፑን አትክፈቱት፣ ፎቶም አታንሱ። ጥያቄው እዚያ ቢቆይ ማንም አይጎዳም።

ካዛንቺስ የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። ተወልዳ ያደገችበት፣ ልጆቿን የወለደችበት ሰፈር ፈርሶ ወደ ዳር ከሄደች ወዲህ አልተመለሰችም ነበር። ቤቴ የነበረበትን ቦታ አሳዪኝ አለችኝ። ቆመን ዙሪያችንን ብናይ ምንም ምልክት የለም። አጥርና አዲስ ሰፊ መንገድ ነው። አፑን ስከፍት ግን ቤቶቹ በሙሉ ካርታው ላይ አሉ። ከሳተላይት ፎቶ አንድ በአንድ የተሣሉ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ እያንዳንዳቸው ላይ ፒን። «ይህ ሕንፃ ስንት ፎቅ ነው?» ይላል።

«ሌላ መልስ» የሚለውን ስትነኩ «ሕንፃው ፈርሷል» የሚል አለ። አክስቴ በጣቷ እያሳየች ነገረችኝ። ይቺ የልብስ ሰፊዋ ቤት ነበረች። ይሄ ጠላ ቤቱ። ይሄ እነ እማማ፣ ቡና ሲያፈሉ እስከ እኛ ይሸት ነበር። እኔ ፈርሷል፣ ፈርሷል እያልኩ ሄድኩ። የራሷ ላይ ስንደርስ ስልኩን ተቀበለችኝና ራሷ ነካችው። ከዚያ «አሁን ጠፋ ማለት ነው?» አለችኝ። አልጠፋም አልኳት፣ እውነቴን ነው። ኦፕንስትሪትማፕ የእያንዳንዱን ለውጥ ታሪክ ያስቀምጣል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረና ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ ይገኛል። ቤቷ በካርታው ታሪክ ውስጥ አለ። ያን ቀን ያገኘሁት ኮከብ ስንት እንደሆነ አላየሁም።

ኮሪደር ልማቱ መንገዱን በየወሩ በሚቀይርበት ከተማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት አፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመሩ፣ የተዘጋው መታጠፊያ፣ ይህንን ሁሉ ከሳተላይት ቶሎ ማግኘት አይቻልም። ሄዶ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ትልቁ፣ አዲስ መንገድ መሣል አይቻልበትም። አፑ የሚጠይቀው ካርታው ላይ ስላለ ነገር ነው። ከከተማው ዳር፣ መንገዱም ቤቱም ገና ባልተሣለበት ሰፈር ብትከፍቱት ባዶ ሜዳ ነው የሚያሳያችሁ፣ አንድም ፒን የለም። ከሁሉ በላይ ካርታ የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ሰፈር ነው። ማድረግ የምትችሉት ማስታወሻ መተው ነው፣ «እዚህ መንገድ አለ» ብላችሁ፣ የሄዳችሁበትንም መስመር መዝግባችሁ ማያያዝ ትችላላችሁ። ከዚያ ሌላ ልምድ ያለው ሰው እስኪሥለው ትጠብቃላችሁ። የእኛንም ብሎክ ቦታ ያስተካከልኩት በዚህ አፕ ሳይሆን በኮምፒውተር፣ በኦፕንስትሪትማፕ ድረ ገጽ ነው። ድፍረቱን ያገኘሁት ግን ከዚህ ነው፣ ሦስት መቶ ጥያቄ ከመለስኩ በኋላ ካርታው አላስፈራኝም።

ሁለተኛ፣ የተሠራው ለአንድሮይድ ነው። አይፎን የያዛችሁ ኤቭሪ ዶር የሚባለውን ሞክሩ፣ ዳታው ያው ወደ ኦፕንስትሪትማፕ ነው የሚሄደው፣ አጠቃቀሙ ግን ትንሽ ይለያል፣ በጥያቄ አይመራችሁም።

ሦስተኛው ባትሪ ነው። ጂፒኤስና ስክሪን አብረው ሲሠሩ ስልክ ይጨርሳል፣ ፓወር ባንክ ያዙ። ዳታ ግን ብዙ አይበላም። ቤት በዋይፋይ የሰፈራችሁን ጥያቄ አውርዳችሁ ከወጣችሁ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ መልሳችሁን ስትመለሱ ይልከዋል። ፕሌይ ስቶርም ኤፍ-ድሮይድ የሚባለው የአፕ መደብርም ላይ በነፃ አለ፣ ማስታወቂያ የለውም።

አካውንት ስትከፍቱ በሙሉ ስማችሁ አትክፈቱ። የምታደርጉት ለውጥ ለሁሉም ሰው የሚታይ ነው፣ የትኛው ሰፈር መቼ እንደነበራችሁ ከዚያ ማወቅ ይቻላል። ቅፅል ስም ይበቃል። በተለይ ሴቶች፣ ይህንን አደራ።

ከሰው ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ቲም የሚል አማራጭ አለው፣ ጥያቄዎቹን ያከፋፍላችኋል። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ይወጣል። እሱ የመንገዱን ግራ እኔ ቀኙን ሳይሆን፣ የእሱ ስልክ ላይ የሚመጣው ፒን የእኔ ላይ አይመጣም፣ ስለዚህ ሁለታችንም ሰፈሩን በሙሉ እናዳርሳለን።

ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሿን የቀነስኩት አዲስ መንገድ መጨመር ባለመቻሉ ነው።

አንድ ፒን አሁንም ሳልመልሰው አለ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ቅያስ ነው። «የዚህ መንገድ ስም ማን ነው?» ይላል። ታፔላ የለውም፣ ስም የለውም ብዬ ልመልስ ነበር። ግን ጥግ ላይ ሻይ የምታፈላው ሴትዮ ስም አለው አለችኝ፣ ነገረችኝም። በሩ ላይ የሚቀመጡትን አባባ ስጠይቅ ደግሞ ሌላ ስም ነገሩኝ፣ የእሷን ሲሰሙ «እሱማ አዲስ ነው፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጋር የመጣ» አሉ። ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ። ቅዳሜ ወንድሜን ይዤ ሄጄ ሌሎች የሰፈሩን ሽማግሌዎች እጠይቃለሁ።